በስንት ጊዜ አንዴ? መሐንዲስ የአደጋን ስጋት በቁጥር ማስላት እንዴት ይማራል?

አንድ መሐንዲስ «ይህ ድልድይ ይሰበራል ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅና «በፍጹም አይሰበርም» ብሎ ቢመልስ ጠያቂው ተደስቶ ይሄዳል። መልሱ ግን ሳይንሳዊ አይደለም። ሰው የሠራው ነገር ሁሉ፣ ከበር ማጠፊያ እስከ ኑክሌር ማመንጫ ድረስ፣ የመበላሸት ዕድል አለው። ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ዜሮ ግን አይሆንም። ስለሆነም ተገቢው ጥያቄ «ይበላሻል ወይስ አይበላሽም?» የሚለው ሳይሆን «በስንት ጊዜ አንዴ ይበላሻል? ሲበላሽስ ምን ያስከትላል?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ የሚጥረው የዕውቀት ዘርፍ መጠናዊ የስጋትና የአስተማማኝነት ትንተና ይባላል።

በአገራችን አደጋ ሲደርስ «ቀን ጎድሎ ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ይህ አነጋገር ሐዘንን ለመቻል ይረዳ ይሆናል፤ ለመሐንዲስ ግን አይበቃውም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አደጋን ቀድሞ ማየት እንደሚቻል ስለሚያምኑ ነው። ጥያቄው ቀድሞ ማየት በምን ዘዴ ይቻላል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የዘርፉን ዋና ዋና መሣሪያዎች፣ መሣሪያዎቹ በተናቁበት ጊዜ የደረሱ ጥፋቶችን፣ በመጨረሻም አንድ የምሕንድስና ተማሪ ከዚህ ሁሉ ምን መማር እንዳለበት እንመለከታለን። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስጋት ምንድን ነው?

በዕለት ተዕለት ንግግር አደጋና ስጋት የሚሉትን ቃላት እያፈራረቅን እንጠቀምባቸዋለን። በዚህ ዘርፍ ግን ይለያያሉ። አደጋ የደረሰ ወይም ሊደርስ የሚችል ጎጂ ክስተት ነው። ስጋት ደግሞ ያ ክስተት የመድረስ ዕድሉና የጉዳቱ መጠን በአንድነት ሲታዩ የሚሰጡት ግምት ነው። ስታንሊ ካፕላንና ጆን ጋሪክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ ሐሳቡን በሦስት ጥያቄዎች አጠቃለውታል፦ ምን ሊበላሽ ይችላል? የመበላሸቱ ዕድል ምን ያህል ነው? ከተበላሸ ምን ይከተላል? እያንዳንዱ የስጋት ትንተና፣ አንድ ገጽ ቢሆን ወይም አሥር ጥራዝ፣ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ነው።

አስተማማኝነት የሚለውም ቃል ጥብቅ ትርጉም አለው። ይኸውም አንድ ዕቃ በተወሰነ ሁኔታ ውስጥ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ የታሰበለትን ሥራ ሳያቋርጥ የመሥራት ዕድሉ ማለት ነው። «ይህ ፓምፕ አስተማማኝ ነው» የሚለው አባባል ብቻውን ምንም አይነግረንም። «ይህ ፓምፕ ንጹሕ ውኃ እየገፋ ለ1000 ሰዓት ሳይቆም የመሥራት ዕድሉ 95 በመቶ ነው» የሚለው ግን ሊመረመር፣ ሊረጋገጥ ወይም ሐሰት መሆኑ ሊታይ የሚችል ሳይንሳዊ አባባል ነው።

ከአቶም እስከ ኮምፒዩተር ዲስክ

ፊዚክስ የተማረ አንባቢ የራዲዮአክቲቭ መበስበስን ሕግ ያስታውሳል። አንድ የተወሰነ አቶም መቼ እንደሚበሰብስ ማንም ሊተነብይ አይችልም። አቶሙ አያረጅም፤ ትናንት የነበረው የመበስበስ ዕድል ዛሬም ያው ነው። ከብዙ ቢሊዮን አቶሞች መካከል ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንቱ እንደሚበሰብስ በጥሩ ትክክለኛነት እናውቃለን። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችም በመካከለኛው ዕድሜያቸው የሚከተሉት ይህንኑ የኤክስፖኔንሺያል ሕግ ነው።

ይህን አለመረዳት ወደ ስሕተት ይመራል። ለምሳሌ አንድ የኮምፒዩተር ዲስክ አምራች የዕቃው አማካይ የብልሽት ጊዜ 1 ሚሊዮን ሰዓት ነው ይላል እንበል። 1 ሚሊዮን ሰዓት 114 ዓመት ያህል ነው። ይህ ማለት ግን ዲስኩ 114 ዓመት ያገለግላል ማለት አይደለም። ትክክለኛው ትርጉም፣ 1000 እንዲህ ያሉ ዲስኮች ያለማቋረጥ ቢሠሩ በአንድ ዓመት ውስጥ 9 ያህሉ ይበላሻሉ ማለት ነው። እንዲያውም የብልሽቱ መጠን ባይለወጥ እንኳ፣ አንድ ዲስክ እስከ አማካዩ ጊዜ የመዝለቅ ዕድሉ 37 በመቶ ብቻ ነው።

በእርግጥ ዕቃዎች እንደ አቶም አይደሉም። አዲስ ሲሆኑ የፋብሪካ ጉድለት ያለባቸው ቶሎ ይወድቃሉ፤ ከዚያ ለረዥም ጊዜ የብልሽት መጠኑ ዝቅተኛና የተረጋጋ ይሆናል፤ በመጨረሻም ድካም፣ ዝገትና መበላት ሲጀምሩ እንደገና ይጨምራል። ይህ በግራፍ ሲሳል ጎንና ጎኑ ከፍ፣ መሐሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ የመታጠቢያ ገንዳ ኩርባ ይባላል። አንድን ሞተር መቼ መጠገን፣ መቼስ መለወጥ እንዳለብን የምንወስነው ኩርባው ላይ የት እንዳለን ስናውቅ ነው።

ማባዛት የሚያስደነግጥበት ጊዜ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀርመናውያን መሐንዲሶች ሮኬትና በራሪ ቦምብ ሲሠሩ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲፈተን ጥሩ ነው፤ ሲገጣጠም ግን መሣሪያው በተደጋጋሚ ይከሽፋል። የተለመደው እምነት የአንድ መሣሪያ ጥንካሬ ከደካማው ክፍል ጥንካሬ ጋር እኩል ነው የሚል ነበር። ሮበርት ሉሰር በተባለ መሐንዲስ ስም የሚጠራው ሕግ ይህን እምነት አፈረሰ። ሁሉም ክፍሎች የግድ መሥራት ካለባቸው፣ የመሣሪያው አስተማማኝነት የክፍሎቹ አስተማማኝነት ብዜት ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። እያንዳንዳቸው 99 በመቶ አስተማማኝ የሆኑ 100 ክፍሎች ያሉትን መሣሪያ እናስብ። 0.99ን በራሱ 100 ጊዜ ስናባዛ 0.37 ያህል እናገኛለን። ስለዚህ ክፍሎቹ ሁሉ «ጥሩ» ሆነው ሳለ መሣሪያው ከሦስት ጊዜ ሁለት ጊዜ ያህል ይከሽፋል። የእያንዳንዱን ክፍል አስተማማኝነት ወደ 99.9 በመቶ ብናሳድግ መሣሪያው ወደ 90 በመቶ ይደርሳል። የክፍሎቹን ብዛት ወደ 1000 ብናደርስ ግን ተመልሶ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል። ውስብስብነት ራሱ የስጋት ምንጭ መሆኑን ይህ ቀላል ሒሳብ ያሳያል።

የብልሽት ዛፍና የሆስፒታሉ ጄኔሬተር

በ1962 ዋትሰን የተባለ የቤል ላቦራቶሪ ባለሙያ ሚኒትማን ለተባለው የአሜሪካ ሚሳይል ማስወንጨፊያ ሥርዓት አዲስ ዘዴ አቀረበ። ዘዴው የሚነሣው ሊደርስ ከማይገባው ክስተት ነው። ከዚያ ወደ ታች እየወረደ «ይህ እንዲሆን ምን መሆን አለበት?» እያለ ይጠይቃል። መንስኤዎቹ ሁሉም በአንድነት መገኘት ካለባቸው «እና» በሚለው፣ አንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ «ወይም» በሚለው መገናኛ ይያያዛሉ። በወረቀት ላይ ሲሳል ግንዱ ከላይ፣ ሥሩ ከታች የሆነ ዛፍ ይመስላል፤ ስሙም የብልሽት ዛፍ ነው። ለ«እና» ዕድሎችን እናባዛለን፤ ለ«ወይም» ደግሞ ዕድሎቹ ትንንሽ ከሆኑ እንደምራለን።

ለማስረዳት ያህል የፈጠርነውን አንድ ሆስፒታል እንውሰድ። መብራት በዓመት 100 ጊዜ ይጠፋል። ሆስፒታሉ አንድ ጄኔሬተር አለው፤ ጄኔሬተሩ ከ20 ጊዜ አንዴ አልነሣም ይላል። በተጨማሪም በታንከሩ ያለው ናፍጣ ከ100 ጊዜ አንዴ ውኃ የገባበት ወይም ያለቀ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ የሚጨልምበት ዕድል 0.05 ሲደመር 0.01፣ ማለትም 0.06 ነው። ከ100 የመብራት መጥፋት 6ቱ ጨለማ ያመጣሉ።

አስተዳደሩ ተሰብስቦ ሁለተኛ ጄኔሬተር ገዛ እንበል። ሁለቱም በአንድነት አልነሣም የሚሉበት ዕድል 0.05 ሲባዛ በ0.05፣ ማለትም ከ400 አንድ ነው። አንድ ሰው በዚህ ተደስቶ «ስጋቱ ከ400 አንድ ሆነ» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሁለቱም የሚጠጡት ከአንድ ታንከር ነው። የታንከሩን 0.01 ስንደምር 0.0125፣ ማለትም ከ80 አንድ እናገኛለን። ሦስተኛ ጄኔሬተር ቢገዛ ወደ 99 አንድ፣ አራተኛ ቢገዛ ወደ 100 አንድ ብቻ ይደርሳል። ከሁለተኛው በኋላ የወጣው ገንዘብ ከሞላ ጎደል ባክኗል።

አሁን ሁለቱን ጄኔሬተሮች ብቻ ይዘን ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ታንከር ብንሠራና ናፍጣውን በተለያየ ጊዜ ብንሞላ፣ እያንዳንዱ በ0.06 ዕድል ይወድቃል፤ ሁለቱ በአንድነት የሚወድቁበት ዕድል ደግሞ 0.0036፣ ማለትም ከ280 አንድ ያህል ነው። ስለዚህ ሁለት ጄኔሬተር በሁለት ታንከር፣ አራት ጄኔሬተር በአንድ ታንከር ከሚሰጠው ደኅንነት እጅግ ይበልጣል። ዋጋውም ያነሰ ነው።

ይህ የጋራ መንስኤ ብልሽት የሚባለው ሲሆን፣ በዘርፉ ውስጥ ተማሪ ደጋግሞ የሚሰናከልበት ድንጋይ ነው። ዕድሎችን ማባዛት የሚቻለው ክስተቶቹ እርስ በርሳቸው ነጻ ሲሆኑ ብቻ ነው። አንድ ታንከር፣ አንድ ገመድ፣ አንድ ጎርፍ፣ አንድ ያልሠለጠነ ጠጋኝ ሁሉንም መጠባበቂያዎች በአንዴ ሊጥላቸው ይችላል። ይህ በ2011 በጃፓን ፉኩሺማ ታይቷል። የማመንጫው የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮች ብዙ ነበሩ፤ ሱናሚው የገባበት ዝቅተኛ ስፍራ ግን ለአብዛኞቹ የጋራ ነበር።

የብልሽት ዛፍ ወደ መንስኤ ሲወርድ፣ የክስተት ዛፍ ደግሞ ወደ ውጤት ይሄዳል። ከተነሣንበት ክስተት ቀጥሎ የሚመጣውን መከላከያ ሁሉ በተራ እናያለን። በሆስፒታላችን በዓመት 100 ጊዜ መብራት ይጠፋል፤ ባለ ሁለት ታንከሩ ዘዴ ከዚህ ውስጥ በዓመት 0.36 ጊዜ፣ ማለትም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ይከሽፋል። ለቀዶ ሕክምናው መብራት ባትሪ ቢኖርና ባትሪው ከ50 ጊዜ አንዴ ቢወድቅ፣ ሙሉ ጨለማ የሚመጣው በ139 ዓመት አንድ ጊዜ ያህል ነው። የሆስፒታሉ አስተዳደር ውሳኔ ሊሰጥበት የሚችለው እንዲህ ባለው ቁጥር ላይ ነው።

ቻሌንጀር፦ ያልተበላሹት በረራዎች ምን ይላሉ?

ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሰከንድ ፈነዳች፤ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። መንስኤው የጎን ሮኬቶቹን መገጣጠሚያ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት በብርድ ምክንያት መለጠጡን ማጣቱ ነበር። በማግሥቱ ስለሚጠበቀው ብርድ በዋዜማው ምሽት መሐንዲሶች በስልክ ስብሰባ ተከራክረዋል። የሮኬቱ አምራች መሐንዲሶች ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መነሣት አይገባም ብለው ነበር፤ የተነሣችው ግን በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው።

በክርክሩ ትኩረት ያገኙት ቀለበታቸው የተጎዳ በረራዎች ነበሩ። ከተጎዱት አንዳንዶቹ በሞቃት ቀን የበረሩ ስለሆኑ ብርድና ጉዳት ዝምድና ያላቸው አልመሰለም። ከአደጋው በኋላ መርማሪው ኮሚሽን ያልተጎዱትንም ጨምሮ 24ቱን በረራዎች ሲያያቸው ግን ሥዕሉ ጠራ። በ19 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከበረሩት 20ዎቹ ጉዳት ያሳዩት 3 ብቻ ናቸው፤ በ17 ዲግሪና ከዚያ በታች ከበረሩት 4ቱ ግን አራቱም ጉዳት አሳይተዋል።

አንባቢ ይህን በራሱ ማስላት ይችላል። ሙቀት ምንም ሚና የለውም ብለን 7ቱን ጉዳቶች በ24ቱ በረራዎች ላይ በዕጣ ብንበትናቸው፣ ቀዝቃዛዎቹ 4 በሙሉ የሚጎዱበት ዕድል 7 ለ24፣ ሲባዛ በ6 ለ23፣ ሲባዛ በ5 ለ22፣ ሲባዛ በ4 ለ21 ነው። ውጤቱ ከ300 አንድ ያህል ይሆናል። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአምስት ደቂቃ የሚሠራው ሒሳብ «አትነሡ» ይል ነበር። በ1989 የታተመ የስታቲስቲክስ ጥናት በዚያን ቀን ሙቀት የመክሸፉ ዕድል ቢያንስ 13 በመቶ እንደነበር ገምቷል።

ታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን የኮሚሽኑ አባል ነበር። ለኮሚሽኑ ሪፖርት በጻፈው አባሪ እንደገለጸው፣ የመንኮራኩሯን የመጥፋት ዕድል መሐንዲሶቹ ከ100 አንድ፣ አስተዳዳሪዎቹ ግን ከ100 ሺህ አንድ ብለው ገምተው ነበር። ከ100 ሺህ አንድ ማለት በየቀኑ አንድ መንኮራኩር ለ274 ዓመት ያህል ቢላክ አንድ ብቻ ይጠፋል ማለት ነው። ለዚህ ማስረጃው ምን ነበር? ከቻሌንጀር በፊት የተሳኩት 24 በረራዎች ናቸው ከተባለ፣ ማስረጃው ደካማ ነው። የመጥፋት ዕድሉ ከ100 አንድ ቢሆን እንኳ 24 በረራዎች በተከታታይ የሚሳኩበት ዕድል 79 በመቶ ያህል ነው። በሌላ አባባል የ24 በረራ ስኬት ከ100 አንዱንና ከ100 ሺህ አንዱን ለይቶ ሊነግረን አይችልም።

ለዚህ አንድ ጠቃሚ ደንብ አለ። አንድ ነገር በተወሰኑ ሙከራዎች ሁሉ ሳይበላሽ ካለፈ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ልንናገር የምንችለው የብልሽት ዕድሉ 3 ለሙከራዎቹ ብዛት ሲካፈል ከሚሰጠው ቁጥር አይበልጥም የሚል ብቻ ነው። 3 ለ24 ሲካፈል ከ8 አንድ ነው። ከ100 ሺህ አንድ ለማለት 300 ሺህ ያልከሸፉ በረራዎች ያስፈልጉ ነበር። መንኮራኩሮቹ እስከ 2011 ድረስ 135 ጊዜ በርረው 2 ጠፍተዋል፤ ይህም ከ68 አንድ ያህል ነው። ወደ እውነቱ የቀረቡት መሐንዲሶቹ ነበሩ።

ከአንድ ቢሊዮን አንድ፣ እና የቢሾፍቱው አደጋ

በአቪዬሽን ውስጥ የታወቀ ቁጥር አለ። አውሮፕላንን ከነተሳፋሪው ሊያጠፋ የሚችል የሥርዓት ብልሽት በአንድ የበረራ ሰዓት ከአንድ ቢሊዮን አንድ ያነሰ ዕድል ሊኖረው ይገባል፤ በአንድ ክፍል መበላሸት ብቻም ሊደርስ አይገባም። ቁጥሩ ከየት መጣ? ደንቡ ሲዘጋጅ ከባድ አደጋ የሚደርሰው በ1 ሚሊዮን የበረራ ሰዓት አንድ ጊዜ ያህል ነበር፤ ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛው በአውሮፕላኑ ሥርዓቶች ምክንያት ነው ተባለ። ይህ ከ10 ሚሊዮን አንድ ይሆናል። በአንድ አውሮፕላን ላይ 100 ያህል እንዲህ ያሉ አጥፊ ብልሽቶች ሊኖሩ ይችላሉ ተብሎ ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከአንድ ቢሊዮን አንድ ነው።

ጉዳቱ አነስ ለሚል ብልሽት ደንቡ ይላላል። «ሜጀር» በተባለው እርከን የሚመደብ ብልሽት ከ100 ሺህ የበረራ ሰዓት አንድ ያህል ቢደርስ ይፈቀዳል። ስለዚህ አንድን ብልሽት ከላይኛው እርከን ወደዚህ ማውረድ የሚፈለገውን ጥንቃቄ 10 ሺህ ጊዜ ያህል ያሳንሰዋል። ሒሳቡ ከመሠራቱ በፊት የሚሰጠው የእርከን ፍርድ ከሒሳቡ ይልቅ ሊወስን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቦይንግ 737 ማክስ ላይ ኤምካስ የተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነበር። አውሮፕላኑ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከመጠን ካለፈ ኤምካስ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይገፋል። አውሮፕላኑ ላይ ማዕዘኑን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩ፤ ኤምካስ በአንድ በረራ የሚያዳምጠው ግን አንዱን ብቻ ነበር። የሥርዓቱ ያለአግባብ መሥራት በመደበኛው በረራ «ሜጀር» ተብሎ ተመደበ። የምደባው መሠረት አብራሪዎች በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ችግሩን ለይተው ያስተካክሉታል የሚል ግምት ነበር። ግምቱ 4 ሰከንድ ያህል ሲሆን፣ በ2012 በበረራ ማስመሰያ በተደረገ ሙከራ ግን አንድ የኩባንያው የሙከራ አብራሪ ከ10 ሰከንድ በላይ እንደወሰደበት የአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ በኋላ ይፋ አድርጓል።

ጥቅምት 2018 የላየን ኤር በረራ ቁጥር 610 በኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባለሙያዎች መጠናዊ የስጋት ትንተና ሠሩ። ውጤቱ ሥርዓቱ ካልተስተካከለ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል ተጨማሪ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ አመለከተ። ዘመኑን 45 ዓመት ብንወስደው በአማካይ በየሦስት ዓመቱ አንድ የተሞላ አውሮፕላን ማለት ነው። ይሁንና ለአብራሪዎች በተሰጠው መመሪያና በሚዘጋጀው አዲስ ሶፍትዌር ተስፋ ተደርጎ አውሮፕላኖቹ መብረራቸውን ቀጠሉ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ወዲያው የግራው ሴንሰር ወደ 75 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን ማሳየት ጀመረ፤ የቀኙ 15 ዲግሪ ያህል ያሳይ ነበር። ኤምካስ የሰማው የግራውን ነው። በስድስት ደቂቃ ውስጥ አውሮፕላኑ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ ከ30 በላይ የሆኑ አገሮች ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ማሻሻያ ኤምካስ ሁለቱንም ሴንሰሮች እንዲያወዳድርና ልዩነታቸው ከበዛ ሥራ እንዲያቆም ተደርጓል። በ75 እና በ15 መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት የተራቀቀ ሒሳብ አያስፈልግም ነበር።

ከዚህ የምንማረው ቁጥር በራሱ አያድንም የሚለውን ነው። ስሌቱ ተሠርቶ ነበር፤ ሰንጠረዡም ነበር። የጎደለው «ይህ ቁጥር ሲደርሰን ምን እናደርጋለን?» የሚለውን ቀድሞ መወሰን ነው።

እንግዲህ ተማሪው ምን ይማር?

በብዙ የምሕንድስና ትምህርት ክፍሎች ተማሪው ለአንድ ጥያቄ አንድ ትክክለኛ ቁጥር ማግኘትን ይለማመዳል። ጭነቱ ይሰጠዋል፤ የደኅንነት ማባዣው ከመጽሐፍ ይወሰዳል፤ የምሰሶው ውፍረት ይወጣል። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ግን በቂ አይደለም። የስጋት ትንተናን ለማስተማር ቢያንስ አምስት ነገሮች መሟላት አለባቸው።

አንደኛ፣ ፕሮባቢሊቲን ከዳይስና ከካርታ አውጥቶ ከእውነተኛ የብልሽት መረጃ ጋር ማገናኘት ነው። ተማሪው የቻሌንጀርን 24 በረራዎች በእጁ ይተንትን። የተበላሸውን ብቻ ሳይሆን ያልተበላሸውንም መቁጠር ይልመድ።

ሁለተኛ፣ መረጃ መሰብሰብን ራሱን ሥራ አድርጎ ማየት ነው። ጄኔሬተራችን ከ20 ጊዜ አንዴ አልነሣም ይላል ለማለት የተነሣበትንና ያልተነሣበትን ጊዜ የመዘገበ ሰው መኖር አለበት። በየወርክሾፑና በየላቦራቶሪው አንድ የብልሽት መዝገብ ከፍቶ ቀኑን፣ የሠራበትን ሰዓትና የተቀየረውን ዕቃ መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም። ከውጭ አገር መጽሐፍ የሚወሰድ የብልሽት መጠን የእኛን አቧራ፣ የእኛን የቮልቴጅ መዋዠቅና የእኛን የጥገና ልማድ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ የቁጥሩን እርግጠኝነት አብሮ መግለጽ ነው። በ1975 ኖርማን ራስሙሰን የመራው የአሜሪካ የኑክሌር ማመንጫዎች ጥናት የብልሽትንና የክስተትን ዛፍ አጣምሮ የሠራ ፈር ቀዳጅ ሥራ ነበር። በ1978 የገመገመው ኮሚቴ ዘዴውን አወደሰ፤ የውጤቶቹ የስሕተት ክልል ግን ከእውነታው ጠቦ ቀርቧል ሲል ወቀሰው። በወቀሳው ምክንያት ጥናቱ ቸል በተባለበት ወቅት፣ መጋቢት 1979 የስሪ ማይል አይላንድ አደጋ ደረሰ። ክዳኑ ሳይዘጋ በቀረ አንድ ቫልቭና መሣሪያው ያሳሳታቸው ሠራተኞች የማቀዝቀዣውን ውኃ በመቀነሳቸው የሬአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። ትልቅ ቧንቧ ከመሰበር ይልቅ ትንሽ መፍሰስና የሰው ስሕተት ይበልጥ እንደሚያሰጉ ራስሙሰን ቀድሞ አመልክቶ ነበር። ሁለቱም ወገን ትምህርት አለው፤ የተጋነነ እርግጠኝነት ጥሩውን ሥራ ያስጥላል፤ እርግጠኛ ያልሆነ ቁጥርም ቢሆን የት እንደምንመለከት ሊያሳየን ይችላል።

አራተኛ፣ ሰውን የሥርዓቱ አካል አድርጎ መቁጠር ነው። «አብራሪው ያስተካክለዋል»፣ «ዘበኛው ያየዋል»፣ «ነርሷ ትሰማዋለች» የሚሉ ግምቶች ሁሉ በዛፉ ላይ ቅርንጫፍ ሆነው፣ የመክሸፍ ዕድላቸውም ተጽፎ መታየት አለባቸው።

አምስተኛ፣ ቁጥሩን ለአለቃ መናገርን መለማመድ ነው። ታላቅን ማክበር መልካም ባህላችን ነው፤ ቁጥርን ማለሳለስ ግን አክብሮት አይደለም። ተማሪው በክፍል ውስጥ ገምጋሚና ተገምጋሚ እየሆነ «ይህ ግምት ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅንና ተጠይቆ ሳይቆጣ መመለስን ሊማር ይችላል።

ይህ የሕልም እንጀራ አይደለም። የአሜሪካው ናሳ ከቻሌንጀር በኋላ ወደዚህ ዘዴ ተመልሶ በ2002 ለባለሙያዎቹ የስጋት ትንተና መመሪያ አሳትሟል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በአስተማማኝነት ምሕንድስና እስከ ዶክትሬት ያስተምራል። በእኛም ዘንድ ለመጀመር አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የፊዚክስ፣ የስታቲስቲክስና የምሕንድስና መምህራን በአንድ ሴሚስተር አንድ የአደጋ ሪፖርት ከተማሪዎች ጋር ገጽ በገጽ ቢያነቡ ጥሩ መነሻ ነው። የበረራ ቁጥር 302 ሪፖርት ለማንም ክፍት ነው፤ ለእኛ ተማሪዎችም የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም።

ለአንባቢ የተተወ ጥያቄ

አንድ የተማሪዎች መኖሪያ ሕንፃ ውኃ ወደ ጣራ የሚገፉ ሁለት ፓምፖች አሉት። አንዱ በቂ ነው። እያንዳንዱ ፓምፕ በሚፈለግበት ጊዜ ከ10 አንዴ አይሠራም። ሁለቱም ኃይል የሚያገኙት ከአንድ መስመር ነው፤ መስመሩ ከ50 ጊዜ አንዴ ይቋረጣል። ያለው በጀት ሦስተኛ ፓምፕ ለመግዛት ወይም ለሁለተኛው ፓምፕ ራሱን የቻለ፣ ከመጀመሪያው ጋር የማይገናኝ መስመር ለመዘርጋት ብቻ ይበቃል። የትኛውን ትመርጣላችሁ?

መልስ፦ አሁን ያለው ስጋት 0.01 ሲደመር 0.02፣ ማለትም ከ100 ሦስት ነው። ሦስተኛ ፓምፕ ቢገዛ 0.021 ይሆናል። መስመሩ ቢለይ ግን 0.12 ሲባዛ በ0.12፣ ማለትም 0.0144 ይሆናል። መስመሩ ይዘርጋ። ቁጥሮቹን የሕንፃችሁ ጥገና ክፍል ከመዘገባቸው ጋር አመሳክሩ፤ መዝገብ ከሌለ ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ እናንተው ጀምሩት።